የጓሯችን ሰብል በካውንቲው ትርዒት ጠረጴዛ ላይ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ልመና ይዤ ነው። በየጓሯችሁ፣ በየበረንዳችሁና ከካውንቲው የፓርኮች መሥሪያ ቤት በምትከራዩት ቁራሽ መሬት ላይ የምታበቅሉትን ቃሪያ፣ ጎመን፣ ቲማቲምና በሶብላ በመጪው ኦገስት ሜሪላንድ ውስጥ ጌይተርስበርግ ላይ በሚካሄደው የሞንትጎመሪ ካውንቲ የግብርና ትርዒት፣ በተለምዶ «ካውንቲ ፌር» በምንለው፣ ለውድድር እንድታቀርቡ ልለምናችሁ ነው። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ይዘን እዚያ ሄደናል፤ ላሞቹንና በጎቹን አሳይተናቸው፣ መጫወቻው ላይ አሳፍረናቸው ተመልሰናል። አትክልቱ ወደተደረደረበት አዳራሽ ስንገባ ግን በእንግዳ ዓይን አይተን እናልፋለን። እዚያ ሣህን ላይ የተቀመጠውን ቲማቲም ተክሎ፣ ኮትኩቶና ለቅሞ ያመጣው እንደ እናንተ ያለ ነዋሪ ነው።

ይህ ልማድ በአሜሪካ ከ200 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1807 ኤልካና ዋትሰን የተባለ ሰው ማሳቹሴትስ ውስጥ በፒትስፊልድ ከተማ አደባባይ ሁለት ሜሪኖ የተባሉ፣ በሱፋቸው የታወቁ በጎች ለሕዝብ አሳየ። ሰዉ ከቦ ሲጠይቅና ሲመረምር ባየ ጊዜ፣ ሁለት በጎች ይህን ያህል ሰው ከሰበሰቡ፣ ገበሬው ሁሉ ምርጥ ከብቱንና ሰብሉን ይዞ ቢመጣ አንዱ ከሌላው ምን ያህል ይማር ይሆን ብሎ አሰበ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የበርክሻየር ካውንቲ ትርዒት ተጀመረ። የእኛ ካውንቲ ትርዒት የተጀመረው በ1949 ሲሆን፣ ካውንቲው ራሱ የዋሽንግተን ጎረቤት ሆኖ ሳለ በ1980 ወደ 93 ሺህ ኤከር የሚጠጋ መሬት ለእርሻ እንዲጠበቅ ከልሏል። እንግዲህ የምንኖረው መሬትና ገበሬ በሚከበሩበት አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ዳኝነቱ ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። እኛ ለእንግዳ ስናቀርብ ትልቁን እንመርጣለን። የትርዒት ዳኛ ግን፣ ለግዙፍ ዱባና ለመሳሰሉት ከተለዩ ምድቦች በቀር፣ አስቀድሞ የሚያየው መመሳሰልን ነው። አምስት ቲማቲም አቅርቡ ከተባለ፣ አምስቱ በመጠን፣ በቅርጽ፣ በቀለምና በብስለት የአንድ እናት ልጆች መምሰል አለባቸው። አራቱ መካከለኛ ሆነው አንዱ እጅግ ያማረ ትልቅ ቢሆን፣ ያ ትልቁ ሣህኑን በሙሉ ይጥለዋል። ቀጥሎ የሚታየው ንጽሕናውና ጤንነቱ ነው፤ ስንጥቅ፣ የተባይ ቀዳዳ፣ በፀሐይ የተቃጠለ ቦታ ሁሉ ነጥብ ያስቀንሳል። ከዚያም ፍሬው የዝርያውን መልክ በትክክል መያዙ ይመዘናል።

እኔ ይህን የተማርኩት ተሸንፌ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ድንቼን እንደ ወጥ ቤት ልማዳችን በውሃ ፈትጌ፣ አብረቅርቄ አቀረብኩ። በማግስቱ ሄጄ ሳየው ልጣጩ ተልጦ፣ የተቧጨረው ቦታ ጠቁሯል። ድንች አፈሩ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በጨርቅ ቀስ ብሎ ነው የሚራገፈው። ቀይ ሽንኩርት አስቀድሞ በነፋሻ ጥላ ሥር ሊደርቅ ይገባል፤ ደረቁ ልጣጭም እስኪያብለጨልጭ ድረስ አይላጥም። ፎሶሊያና ቃሪያ ከነጭራቸው ይቀርባሉ፤ የቲማቲም ጭራ ግን አንዱ ሌላውን እንዳይወጋ በአብዛኛው ይነሣል። ፖም ከነጭራው ሲቀርብ፣ ተወልውሎ እንዲያብረቀርቅ አይደረግም፤ የወይን ፍሬም ላዩ ላይ ያለው ነጭ ብናኝ ሳይነካ ቢቀርብ ይከበራል። የእኔ ምክር፣ አምስት ለማቅረብ አሥራ አምስት ልቀሙ፤ በማለዳ፣ ጤዛው እንደደረቀና ሙቀቱ ሳይበረታ ልቀሙና ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ምረጡ። የቁጥሩና የአቀራረቡ ዝርዝር ግን በየዓመቱ በሚወጣው መመሪያ የሚወሰን ስለሆነ፣ መመሪያውን ሳያነብ ማንም አይልቀም።

የእኛ ሰብል ምን ምድብ አለው የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት የየራሳቸው ምድብ አላቸው፤ ኮክ ወይም በለስ ያለውም ወደ ፍራፍሬው ጠረጴዛ ይሂድ። ለጎመናችንና ለኮሰረታችን ደግሞ በብዙ ትርዒቶች «ሌላ ማንኛውም አትክልት» ወይም «ሌላ ማንኛውም ቅመም» የሚል ምድብ ይገኛል። ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ አቁሙትና ስሙን ጻፉለት፤ «ኮላርድ» ወይም «ኬል» ብላችሁ ግን አትለፉት። የሐበሻ ጎመን ራሱን የቻለ ዝርያ ነው፤ በሰናፍጭና በሌላው የጎመን ዘር መዳቀል የተገኘ፣ በአገራችን ደጋ ሲለማ የኖረ ተክል ነው። ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ ዘር የሰበሰበው፣ አገሪቱን ሰብሎች ከመነጩባቸው የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርጎ ስለቆጠራት ነበር። ቃሪያ ደግሞ ታሪኩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ አገራችን ገብቶ በርበሬ ሆኖ፣ አሁን በእናንተ እጅ ወደ ተነሣበት አህጉር ተመልሷል። ጎንደር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚህ ካውንቲ እኅት ከተማ ናት፤ የዚያ አገር ቃሪያ በዚህ ካውንቲ ትርዒት ላይ በስሙ ቢቀመጥ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ስለ ጊዜው ላሳስብ። ትርዒቱ የሚውለው ፍልሰታ ሰሞን፣ ጎመኑ ከድስት በማይወርድበት ወቅት ነው። ይሁንና የሜሪላንድ የበጋ ሙቀት ለጎመን አይስማማም፤ ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ቁንጫ መሰል ጥንዚዛም ይበሳዋል። ስለዚህ ለትርዒቱ የሚሆነውን ከሌላው ዘግይታችሁ ዝሩ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚያገኝ ቦታ አድርጉት፣ ስስ መረብም አልብሱት። ቃሪያው በተቃራኒው ሙቀት ፈላጊ ነው፤ ችግኙን አሁን ቤት ውስጥ አፍሉና ሜይ አጋማሽ ላይ፣ ሌሊቱ ሲሞቅ፣ ወደ ውጭ አውጡት። አጋዘኖቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ አጥር ሳታጥሩ አትትከሉ።

አንደኛ የወጣ ሰማያዊ ሪባን፣ ሁለተኛ ቀይ፣ ሦስተኛ ነጭ ያገኛል፤ የገንዘብ ሽልማቱ ጥቂት ዶላር ነው። ለልጆች የተለየ ምድብ አለ፤ ልጆቻችሁ በራሳቸው እጅ የተከሉትን በራሳቸው ስም ያቅርቡ እንጂ የእናታቸውን አያቅርቡ።

በመውጫው በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ የቃሪያ፣ የጎመንና የበሶብላ ዘር በትንንሽ ፖስታ ተዘጋጅቷል፤ አጠገቡ መዝገብ አለ። ዘር የሚወስድ ሁሉ ስሙንና የሚተክለውን ይጻፍ። መመሪያው እንደወጣ እዚሁ አዳራሽ ተሰብስበን አብረን እናነበዋለን፤ ምዝገባውንም እንግሊዝኛው ለሚከብዳችሁ እናቶችና አባቶች እኔው አጠገባችሁ ተቀምጬ እሞላለሁ። አመሰግናለሁ።