አስፋልቱ ከመፍሰሱ በፊት

ሰላም አድማጮች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ አንዲት የዜና ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የመንገዱ ግንባታ 85 በመቶ ደርሷል።»

በማደግ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ዜና የሚከታተል ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ ወር አያልፍለትም። መንገዱም፣ የውሃ መስመሩም፣ የገበያ ማዕከሉም ሁልጊዜ የሆነ በመቶ ላይ ደርሷል። ኃላፊው ይናገራል፣ ዘጋቢው ይጽፋል፣ እኛም ሰምተን እናልፋለን። ግን የምን በመቶ ነው?

ብዙውን ጊዜ ያ ቁጥር የሚሰላው በገንዘብ ሚዛን ነው። ከውሉ ጋር የሥራ ዝርዝርና መጠን የሚባል ሰነድ አለ። ቁፋሮ ይህን ያህል ሜትር ኩብ፣ ገረጋንቲ ይህን ያህል፣ አስፋልት ይህን ያህል ካሬ፣ የእግረኛ መንገድ፣ የቦይ ክዳን፣ የመንገድ ቀለም እየተባለ ይዘረዘራል። እያንዳንዱ በነጠላ ዋጋው ተባዝቶ ይደመራል። ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት የአፈር ሥራውና አስፋልቱ ናቸው። ስለዚህ አስፋልቱ ሲፈስ ቁጥሩ ዘሎ 85፣ 90 ይገባል። የቀረው 10 ወይም 15 በመቶ የእግረኛ መንገዱ፣ የቦይ ክዳኑ፣ ወደየግቢው መግቢያው ነው። በገንዘብ ትንሽ ነው፤ ነዋሪው በየቀኑ የሚረግጠው ግን እሱን ነው። ለተቋራጩ ደግሞ አድካሚና ትርፉ ቀጭን ሥራ ስለሆነ፣ ማሽኑን ጭኖ ወደ ሌላ ሳይት ሲሄድ ጥሎት የሚሄደውም እሱኑ ነው። 90 በመቶ ላይ ደርሶ ዓመት የሚቆም ፕሮጀክት ካያችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ስንት በመቶ ደረሰ?» ሳይሆን «ያልተሠሩት የትኞቹ ናቸው? መቼስ ይሠራሉ?» ነው። ሌላም አለ፤ የሥራው አፈጻጸምና የክፍያው አፈጻጸም ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። መጀመሪያ ላይ የተከፈለው ከተሠራው ቢበልጥ አትደንግጡ፤ ተቋራጩ ሥራ ለመጀመር የሚወስደው ቅድመ ክፍያ ነው፣ ከኋለኞቹ ክፍያዎች እየተቀነሰ ይመለሳል። ሥራው ከተጋመሰ በኋላም በሰፊው በልጦ ከቀጠለ ግን ያስጠይቃል።

እሺ፣ አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ።

እኔ መንገድ ሲሠራ መጀመሪያ የማየው ቦዩን ነው። አስፋልትን የሚገድለው ከመኪና ይልቅ ውሃ ነው ብዬ ብናገር ብዙ መሐንዲስ የሚከራከረኝ አይመስለኝም። በትንሽ ከተማ ደግሞ የውሃው ነገር ከእድገቱ ጋር ነው የሚለወጠው። አንድ ሄክታር ሣርና እርሻ የነበረ ቦታ አስቡ። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ኃይለኛ ዝናብ መጣ። መሬቱ ክፍት ከሆነ ከውሃው 30 በመቶ ገደማ ይፈስሳል እንበል፣ ሌላው ይሰርጋል። ይህ በሰከንድ 50 ሊትር ነው። ያው ሄክታር በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በሲሚንቶ ግቢና በአስፋልት ሲሸፈን 90 በመቶው ይፈስሳል፤ በሰከንድ 150 ሊትር ማለት ነው። ዝናቡ ያው፣ ጎርፉ ሦስት እጥፍ። አንድ የ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ብቻውን በዚያች ሰዓት 6,000 ሊትር ያወርዳል።

ስሌቱ አዲስ አይደለም። ኤሚል ኩይችሊንግ የተባለ መሐንዲስ በአሜሪካ የሮችስተር ከተማን ፍሳሽ አጥንቶ በ1889 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። የዝናቡ ብርታት፣ የመሬቱ ስፋትና የሚፈስሰው ድርሻ ይባዛሉ፤ በቃ። ስለዚህ የቦዩ ስፋት የሚሰላው ዛሬ በሚታየው ሜዳ ሳይሆን ፕላኑ ላይ በተፈቀደው ግንባታ መሆን አለበት። ከላይ ያለው ሰፈር ገና ባዶ ሳለ ለባዶው የተለካ ቦይ፣ ከላይ ያለው በተሠራ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዓመት ታች ያለውን ሰፈር ያጥለቀልቃል። ያኔ «ዝናቡ ጨምሮ ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የጨመረው ጣሪያ ነው።

ቦዩ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ተዳፋትና መውጫ። ተዳፋቱ በ100 ሜትር ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ውሃው ደለሉን ገፍቶ መውሰድ ያቅተውና እዚያው ያስተኛዋል። መውጫው ደግሞ ወንዝ ወይም ትልቅ ቦይ ድረስ የሚዘልቅ መሆን አለበት። በጣም የተለመደው ብልሽት የቱ ነው ብትሉኝ፣ የወሰን ማስከበር ሥራው ሳያልቅ ተጀምሮ የአንድ ሰው አጥር ጋ ሲደርስ የሚቆም ቦይ ነው እላችኋለሁ። ሰባት መቶ ሜትር ውሃ ሰብስቦ አንድ ግቢ ውስጥ ይለቀዋል። ዜናው ግን የሚያወራው ስለ ሰባት መቶው ሜትር ነው።

የቦይ ክዳን ካነሳን አይቀር ጠጋ ብለን እንየው። ክዳኑ ሁለቱ ጫፎቹ በቦዩ ግድግዳ ላይ ያረፉ፣ መሐሉ ባዶ ላይ የተንጠለጠለ ኮንክሪት ነው። ከላይ ጭነት ሲያርፍበት የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳሳባል። ኮንክሪት መጨመቁን ይችላል፣ መሳሳቡን አይችልም። ስለዚህ ብረቱ ያለበት ቦታ ከታች ነው፤ ከታችኛው ፊት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ። ኮንክሪቱ ሲሞላ ብረቱ በትንንሽ የሲሚንቶ ጠጠሮች ካልተደገፈ ወይ መሬት ይነካና ይዝጋል፣ ወይ ሠራተኛው ሲረግጠው ይንጋደዳል። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ለሰባት ቀን ያህል ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ በጸሐይ ደርቆ በሦስተኛው ቀን የተጫነ ክዳን ጥንካሬው ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ክዳኑ ይሰበራል። ለምን? ቦዩ ሲጸዳ ክዳኑ ይነሳል፣ ጸድቶ ሲመለስ ተገልብጦ ይቀመጣል። ብረቱ ወደ ላይ ሆነ። በሚቀጥለው ቀን አንድ የአሸዋ መኪና ጎማውን ሲያሳርፍበት መሐል ለመሐል ይከፈላል። «የማይረባ ኮንክሪት ነው» ተብሎ ተቋራጩ ይረገማል፤ ጥፋቱ ግን የጽዳቱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማንሻ መንጠቆው በላይኛው ፊት ብቻ ይተከል። ያኔ መገልበጥ ቢፈለግም ክዳኑ አይቀመጥም።

ወደ ቀጣዩ፣ ሁላችንንም ወደሚያናድደው እንሂድ። አዲስ አስፋልት በሦስተኛው ወር የሚቆፈረው ለምንድን ነው? መንገዱ የአንድ መሥሪያ ቤት በጀት ነው፣ ውሃው የሌላ፣ መብራትና ስልኩ የሌላ። በጀታቸው በአንድ ዓመት አይለቀቅም። የመንገዱ በጀት ሲመጣ «የውሃ መስመሩ እስኪመጣ እንጠብቅ» የሚል ኃላፊ የለም፤ በጀቱ ይመለስበታላ። የምረቃው ቀን ደግሞ ቀድሞ ተቆርጧል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ለዚህ ነው።

ሁሉንም ማስተባበር ባይቻል እንኳ ርካሽ መላ አለ፤ ባዶ ቱቦ መቅበር። ገረጋንቲው ከመንጠፉ በፊት በየመስቀለኛ መንገዱና በመካከሉ በየ50 ወይም በየ100 ሜትሩ፣ 110 ወይም 160 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ መንገዱን አቋርጦ ይቀበራል። በላዩ ላይ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር አፈር ይኑረው፤ ከዚያ ካነሰ ሮለሩ ይጨፈልቀዋል። ሁለቱ ጫፎቹ ይከደናሉ፣ ጠርዝ ድንጋዩ ላይ ምልክት ይደረጋል። ነገ ውሃውም ኬብሉም አስፋልቱን ሳይነካ ያልፋል። ምልክቱን የረሳ ሰው ግን ቱቦውን አልቀበረም ብትሉ ይቀላል፤ ማንም አያገኘውም።

ቁፋሮው ግድ ከሆነ ደግሞ አመላለሱ ወሳኝ ነው። አፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገፍቶ ገብቶ ከላይ ብቻ ከተዳመጠ፣ ማሽኑ የሚጠቀጥቀው የላይኛውን ንጣፍ ነው፤ ታች ያለው ልል ሆኖ ይቀራል። 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው ቁፋሮ 5 በመቶ ብቻ ቢሰምጥ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ መኪናችሁን የሚያስዘልላት መስመር እሱ ነው። ትክክለኛው መንገድ በየ15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትሩ እየሞሉ መጠቅጠቅ ነው። እርጥበቱም ይለካል፦ ደረቅ አፈር ቅንጣቱ ተንሸራቶ አይተቃቀፍም፤ የራሰ አፈር ደግሞ ከማሽኑ ስር እየሸሸ ይዋልላል። ለእያንዳንዱ አፈር የሚስማማው እርጥበት የሚገኝበትን ምርመራ ራልፍ ፕሮክተር በካሊፎርኒያ የአፈር ግድቦች ሲሠሩ አውጥቶ በ1933 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል፤ ዛሬም ሳይት ላይ «ፕሮክተሩ ስንት መጣ?» ሲባል ስሙ ይነሳል። በምርመራው ከተገኘው ከፍተኛ ጥቅጥቅነት 95 በመቶና ከዚያ በላይ ነው የሚፈለገው። አስፋልቱም ሲዘጋ ከቁፋሮው ጠርዝ በሁለቱም በኩል 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ቀጥ ባለ መስመር ተቆርጦ ቢለጠፍ፣ መጋጠሚያው ያልተነካ መሬት ላይ ያርፋል።

ስለ አስፋልቱ ራሱ ብዙ አልልም። ከማምረቻው 150 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሆኖ ይወጣል፤ 80 ወይም 90 ዲግሪ አካባቢ ሳይወርድ ተዳምጦ ማለቅ አለበት። ማምረቻው ሩቅ ከሆነና መኪናው ሸራ ካልለበሰ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘው ሲዳመጥ ክፍተት ይተዋል፣ ክፍተቱ ውሃ ይጠጣል። በእርጥብ መሬት ላይ የፈሰሰም እንዲሁ ነው። መንገዱ ከመሐል ወደ ዳር 2.5 በመቶ ማዘንበል አለበት። በ7 ሜትር መንገድ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በክርና በሜትር የሚለካ ነገር ነው።

ጭነቱ ግን ይነገር። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦታዋ ኢሊኖይ አጠገብ ሆን ተብሎ መኪና በመንገድ ላይ እየተመላለሰ ሙከራ ተደርጎ ነበር። የተገኘው ሕግ ሻካራ ነው፣ ግን አስደንጋጭ ነው፦ በአንድ አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎቹን በሚያያይዘው ዘንግ ላይ ያለው ጭነት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። በምታድግ ከተማ ውስጥ ደግሞ አሸዋ፣ ጠጠርና ብረት የጫነ መኪና የማይገባበት ሰፈር የለም። ለቤት መኪና የተሠራ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሰፈሩ ተሠርቶ ሳያልቅ የሚያልቀው በዚህ ነው። ቀድሞ በጠጠር ደረጃ ቆይቶ ግንባታው ካለፈ በኋላ አስፋልት ቢለብስ ምን ይላል? ለምረቃ አይመችም፣ ያ ነው ችግሩ።

ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ምክር። መሠረት ከማውጣታችሁ በፊት ፊታችሁ ያለው መንገድ ተሠርቶ ሲያልቅ የሚደርስበትን ከፍታ ከዲዛይኑ ጠይቁ። አሮጌው ሳይቆረጥ በላዩ ላይ ገረጋንቲና አስፋልት ከተጨመረ መንገዱ ግማሽ ሜትር ሊነሳ ይችላል። የቤታችሁ ወለል ከወደፊቱ መንገድ አናት ቢያንስ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ዛሬ ባለው መንገድ የተለካ ደጃፍ ነገ የጎርፍ መግቢያ ነው።

የመንገድ መብራት? ብዙውን ጊዜ ምሶሶው ሲተከል ይጨበጨባል፣ አምፖሉ ሲቃጠል ማን እንደሚቀይር ግን በጀት ላይ የለም። ይለፈን።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ነዋሪው እውነተኛ ጉልበት ያለው እዚያ ነው። መንገዱ ሲያልቅ የሚደረገው ጊዜያዊ ርክክብ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት የሆነ የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ አለ፤ በዚህ ጊዜ የሚታየውን ብልሽት ተቋራጩ በራሱ ወጪ ይጠግናል። ለዚህም ከየክፍያው ላይ ተቆርጦ የተያዘ ገንዘብ አለ፣ በተለምዶ ከውሉ ከ5 እስከ 10 በመቶ። የመጨረሻው ርክክብ ከተፈረመ ገንዘቡ ይለቀቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የከተማው ነው። ስለዚህ የአካባቢ ዜና የምትሠሩም ሆናችሁ ዕድርና የሰፈር ኮሚቴ ያላችሁ፣ መያዝ ያለባችሁ ቀን የምረቃው ሳይሆን የመጨረሻው ርክክብ ቀን ነው። ቀኑን ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቁ፤ ከዚያ በፊት ባለው ክረምት ዝናብ ሲያባራ መንገዱን በእግር ሂዱበት። ውሃው አንድ ቀን ሙሉ ካልሸሸ ቦታውን ፎቶ አንሱ፣ አጠገቡ ያለውን የምሶሶ ቁጥር ወይም የቤት ቁጥር ጻፉ። ሲረግጡት የሚንቃቃ ክዳን፣ ቱቦ በሚያቋርጥበት ላይ የሰመጠ አስፋልት፣ እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ ቦታ፣ ሁሉንም። ከዚያ በጽሑፍ አስገቡ፣ ደብዳቤው የገባበትን ቁጥር ያዙ። በቃል የተነገረ ጉድለት በርክክቡ ዕለት የሚያስታውሰው የለም።

በዚያው ደብዳቤ አንድ ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ፦ መንገዱ እንደታቀደው ሳይሆን በእርግጥ እንደተሠራው የሚያሳየው ስዕል ለከተማው ተሰጥቷል ወይ? ባዶ ቱቦው የት እንዳለ፣ የውሃ መስመሩ ስንት ሜትር ጥልቀት ላይ እንዳለፈ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ያ ስዕል ሳይገባ የተያዘው ገንዘብ ባይለቀቅ ይሻላል።

በሚቀጥለው ክፍል ወደ ውሃ መስመሩ እንገባለን፤ ላይኛው ሰፈር ሌሊት ብቻ ውሃ የሚያገኘው ለምን እንደሆነ። እስከዚያው ሰላም ቆዩ።