ብስክሌቱ እንደማይገኝ እያወቁ ማየት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ሰሞኑን የዳይሬክተር ቪቶሪዮ ዴ ሲካን «የብስክሌት ሌቦች» እንደገና አየሁት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 የወጣ የጣሊያን ፊልም ነው። ታሪኩ አጭር ነው፦ ሥራ ፈትቶ የከረመው አንቶኒዮ ሮም ውስጥ የፖስተር ለጣፊነት ሥራ ያገኛል፤ ለሥራው ብስክሌት የግድ ነው፤ ብስክሌቱ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ ከትንሹ ልጁ ከብሩኖ ጋር ከተማዋን ሲያስስ ይውላል።

ድሮ ሳየው አሁን ይገኛል፣ አሁን ይገኛል እያልኩ ልቤ እንደተንጠለጠለ አለቀ። እንደማይገኝ ካወቅኩ ወዲህ ግን ፊልሙ የብሩኖ ሆነብኝ። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ጠዋት ከመያዣ ቤት የተመለሰውን ብስክሌት ሲወለውል የተጎዳ ቦታ ያገኝበትና አባቱን «የመያዣ ቤቱን ሰዎች ለምን ዝም አልካቸው» በሚል ስሜት ይቆጣል። ከቤት ሲወጣ ደግሞ የተኛውን ሕፃን ብርሃን እንዳይረብሸው መስኮቱን ይዘጋል። ማንም አላዘዘውም። ኋላ ላይ መንገድ ሲሻገር መኪና ሊገጨው ለጥቂት ይተርፋል፤ አባቱ ዞር ብሎ አያየውም። ዐይኑን ብስክሌቱ ላይ የተከለ ተመልካችም አያየውም።

አንሶላዎቹም አሉ። የአንቶኒዮ ሚስት ማሪያ ብስክሌቱን ከመያዣ ለማስለቀቅ የአልጋ አንሶላዎቿን ገፍፋ ታስይዛለች። ሠራተኛው ጥቅሉን ተሸክሞ መደርደሪያውን እንደ መሰላል ይወጣል፤ ካሜራው ቀና ሲል መደርደሪያው እስከ ላይ ድረስ በሰው አንሶላ ተሞልቷል። ስንት ቤተሰብ ነው በዚያ ሰሞን ያለ አንሶላ ያደረው?

ብስክሌቱ የሚሰረቀው አንቶኒዮ የሪታ ሄይዎርዝን ፖስተር ሲለጥፍ ነው፤ የ1946ቱን የሆሊውድ ፊልም የ«ጊልዳ»ን። ስለዚህ «ጊልዳ»ንም ደገምኩት። አንዱን ለማወደስ ሌላውን ማጣጣል አልወድም። ሪታ እየዘፈነች ጓንቷን ብቻ ስታወልቅ አዳራሹ ሁሉ ሲፈዝ፣ እኔም ፈዝዣለሁ። እዚያ ብርሃኑ ሁሉ አንድ ፊት ይፈልጋል። ዴ ሲካ ዘንድ ግን ፊቱ ከሕዝቡ መካከል መጥፋት አለበት።

አሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ዴቪድ ሴልዝኒክ መሪ ተዋናዩ የሆሊውዱ ኮከብ ኬሪ ግራንት ከሆነ ለፊልሙ ገንዘብ እንደሚያወጣ ለዴ ሲካ ነግሮት ነበር ይባላል። ዴ ሲካ እምቢ ብሎ የፋብሪካ ሠራተኛውን ላምቤርቶ ማጆራኒን መረጠ። ኬሪ ግራንትን በጣም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን የትኛውም ሕዝብ ውስጥ ቢገባ ተለይቶ ይታያል። ማጆራኒ በመጨረሻው ትዕይንት ከስታዲየም ከሚወጣው ሰው ጋር ሲቀላቀል ግን ለመለየት ዐይን ይቸገራል።

ከዚያ በፊት አንቶኒዮ ተስፋ ቆርጦ የሌላ ሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ሲል ይያዛል። የብስክሌቱ ባለቤት የሚያለቅሰውን ብሩኖን ያይና ክስ ሳይመሠርት ይለቀዋል። በሚቀጥለው ዕይታዬ ልከተለው ያሰብኩት ይህን ሰው ነው። ፊልሙ ውስጥ የሚታየው ለአፍታ ነው፤ ስሙም አይነገረንም። እሱም ቢሆን ብስክሌቱ ቢጠፋበት ሌላ የሚገዛበት ያለው አይመስለኝም።