አዲስ አበባ በሰፈር ትለመዳለች

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!

ውጭ አድጎ አዲስ አበባ ለመኖር የመጣ ሰው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። አይፈረድበትም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነጭፍራቸው ቤተ መንግሥቱን ከበው ሰፈሩ፤ ያደገችውም ከእነዚያ ሰፈሮች ነው። ደጃች ውቤ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር የዚያ ዘመን ትዝታዎች ናቸው። ዛሬም ሰው ቦታ የሚጠቁማችሁ በመንገድ ስም ሳይሆን በሰፈር ነው።

ሹፌር ደውሎ «የት ጋ ናችሁ?» ሲል ሰፈሩን፣ አጠገባችሁ ያለውን የታወቀ ቦታና አቅጣጫውን ንገሩት። «በቀኝ በኩል» ብቻ ካላችሁት ይሳሳታል፤ ሽቅብ ለሚመጣ ሰው ቀኙ የእናንተ ግራ ነው። «አራት ኪሎ፣ ከሐውልቱ ወደ ፒያሳ ሲወረድ በቀኝ» በሉት። ፒያሳ ላይ ብዙ ቤት ስለፈረሰ፣ የሌለ ሱቅ ምልክት አድርጎ የሚነግራችሁ ሰው ይኖራል፤ «አሁን ቦታው ላይ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» የሚባለው ፌርማታው ሳያልፍ ነው። «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ከተባላችሁ ደግሞ ጠዋት ነው፣ ስልካችሁ ላይ 9:00። ከሰዓት በኋላ ሄዶ ባዶ ቢሮ የሚያገኝ ብዙ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ከተማዋን በእግራችሁ እዩዋት። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር ውረዱ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩን ያልለመደ ሰው ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ መመለሻውን በታክሲ አድርጉት። ቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ቆሟል። ዝቅ ስትሉ ትግላችን ሐውልትን፣ ከዚያ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ የድንጋዩን አንበሳ ታገኛላችሁ። ለገሃር ያለው ሌላው አንበሳ ነው፤ ጣሊያን ሮም ወስዶት ኋላ የተመለሰው። እሱ ፊት ቆማችሁ ጊዜ ስጡት። በክረምት ይህን መንገድ ጠዋት ሂዱት፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይበረታል።

በመጨረሻ፣ ቤት እንደያዛችሁ ጎረቤት ጠይቃችሁ እድር ግቡ። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ከወርሃዊው መዋጮ ሌላ መግቢያ ሊከፍል ይችላል፤ እድሩ ድንኳንና ዕቃ ሲያፈራ ነባሮቹ ሲያዋጡ ኖረዋልና። ስትመዘገቡ የባል ወይም የሚስት፣ የልጆችና የወላጆች ስም በደንብ አስመዝግቡ፤ መዝገቡ ላይ ለሌለ ሰው እድሩ ላይከፍል ይችላል። መተዳደሪያ ደንቡንም ያኔውኑ ጠይቃችሁ አንብቡት።