ማንም ያላስጠነቀቀን ፍርሃት

ሕይወት፦ እንደምን አመሻችሁ፤ ከሐዋሳ ነው የምናነጋግራችሁ። የዛሬው ርእሳችን አስፈሪ ተብለው ያልተሠሩ፣ ነገር ግን በሆነ ቅጽበት ያስደነገጡን የቪዲዮ ጌሞች ናቸው። ምንተስኖት፣ አንተን መጀመሪያ ያስፈራህ የትኛው ነበር?

ምንተስኖት፦ ሶኒክ ነው ብል እንዳትስቂብኝ። እ.ኤ.አ. በ1991 በሴጋ የወጣው የሰማያዊው ጃርት ጌም ሩጫና ደስታ የሞላበት ነው፤ ላቢሪንዝ ዞን የሚባለው ደረጃ ላይ ሲደረስ ግን መዋኘት የማይችለው ጃርት ውኃ ውስጥ ይገባል። አየሩ ሊያልቅበት ሲል የነበረው ዜማ ድንገት ተቋርጦ እየፈጠነ የሚሄድ ሌላ ዜማ ይተካል፤ ከ5 ወደ 0 የሚወርዱ ቁጥሮችም ይታያሉ። ከወለሉ የምትወጣዋን ትልቅ አረፋ ካላገኘ ይሰምጣል። እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን ውጬ አረፋዋን እጠብቅ ነበር።

ሕይወት፦ የሐይቅ ዳር ልጅ መሆንህም ሳያባብሰው አልቀረም።

ምንተስኖት፦ እውነትሽን ነው። እናቴ «ውኃው ላይ አረፋ ካየህ ጉማሬ ነው፣ ሩጥ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ሶኒክ ደግሞ ወደ አረፋው ሂድ ይለኛል! የአንቺስ?

ሕይወት፦ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው፣ መኪና እየነዱ ከተማና ገጠር የሚዞሩበት ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ነው። በሰፈራችን ጌም ቤት ተራ ስንጠብቅ፣ ታላላቆቻችን የጌሙ ጫካ ውስጥ ቢግፉት የሚባል ጸጉራም ፍጡር እንዳለ ይነግሩን ነበር። ሠሪዎቹ እንደሌለ ተናግረዋል፤ እኛ ግን ያንን በምን እንወቅ? መኪና ውስጥ ሳለን ሬዲዮ ያጫውተናል፤ ከመኪና ወርደን ጫካው ውስጥ ስንገባ ግን ሙዚቃ የሚባል ነገር የለም፣ ጉምና የራሳችን ኮቴ ብቻ ነው። በዚያ ጸጥታ መካከል፣ ባክ ኦ ቢዮንድ በሚባለው ቦታ፣ የተጨረማመተ መኪና ያለ ሹፌር ከቁልቁለቱ ተንደርድሮ ሲመጣ ጆይስቲኩን ጥዬ ተነሣሁ። ምክንያቱን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ጌሙ መኪናውን ተዳፋት ላይ ያስቀምጠዋል፣ የሚይዘው ፍሬን ግን የለም።

ምንተስኖት፦ ስሕተት ሆኖ ሳለ ታስቦበት ከተሠራው ይልቅ ማስፈራቱ ይገርማል።

ሕይወት፦ አስፈሪ ጌም ስትከፍት ተዘጋጅተህ ነው የምትገባው፤ እዚያ ግን እኔ የሄድኩት መኪና ልነዳ ነበር።

ምንተስኖት፦ በብሎኮች የሚገነባበት ጌም፣ ማይንክራፍትም እንደዚያው ነው። ቤት ልትሠሪ ትገቢያለሽ፤ ጨለማ ዋሻ አጠገብ ስትቆዪ ግን ጌሙ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የሲቃ ድምፅ ያሰማሻል። ከድምፁ ጀርባ ምንም የለም። ይህ ለእኔ ትንሽ ማጭበርበር ነው።

ሕይወት፦ ታናሽ ወንድሜም ስላማረረው ድምፁን ጨርሶ አጠፋው።

ምንተስኖት፦ ክሪፐሩንስ ምን አደረገው? የአሳማ ቅርጽ ሲሠራ ቁመቱና ርዝመቱ ተቀያይሮ የተገኘው አረንጓዴ ፍጡር እኮ የሚያስጠነቅቀው በፉጨቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰከንድ ተኩል ቆይቶ ይፈነዳል።

ሕይወት፦ እሱንም አልሰማውማ። የሁለት ሳምንት ሥራው የነበረው ቤት ግማሹ ጠፋ።