ትናንት የገባው ልጅ ይጻፈው

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

ተማሪ አምሽቶ የጻፈውን የቤት ሥራ መምህሩ አርሞ ውጤት ይሰጥበታል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን የሚያነበው የለም። አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ዴቪድ ዊሊ ይህን «የሚጣል የቤት ሥራ» ይለዋል። እኔም ስንት ዓመት እንዲህ ያለውን ሳዝ ኖሬአለሁ።

ያ ድካም የሚቀጥለው ዓመት ክፍል በሚማርበት የዲጂታል ማስተማሪያ ላይ ቢውልስ? ክፍልፋይን እንውሰድ። ሦስት ከሁለት ስለሚበልጥ አንድ ሦስተኛም ከግማሽ ይበልጣል ብሎ የሚያስብ ተማሪ በየክፍሉ አለ። እኔ እንዲህ ማሰቤን ከረሳሁ ቆይቻለሁ። ነገሩ ትናንት የተገለጠለት ልጅ ግን እግሩን የመታውን ድንጋይ ገና ያስታውሰዋል። እንግዲያው ማብራሪያውን እርሱ ይጻፍ፤ ስሕተት እንዳይገባበት መጠበቅ የእኔ ድርሻ ነው። ሥራዬን በልጆች ላይ እየጫንኩ የመሰላችሁ ካላችሁ፣ አንድ የተማሪ ረቂቅ አርማችሁ ሞክሩት፤ ራስ ከመጻፍ ይበልጥ ያደክማል።

ማንም በነጻ ወስዶ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው የተፈቀደ ማስተማሪያ «ክፍት የትምህርት ሀብት» ይባላል፤ ስያሜው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ዩኔስኮ በፓሪስ በጠራው ጉባኤ ነው። ብዙዎቻችን ስሙን ስንሰማ «ነጻ ነው» እንልና እናቆማለን። በነጻ ማግኘት ግን ግማሹ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ውስጥ ማሻሻልና መልሶ ማከፋፈልም ተጠቅሰዋል። ለማሻሻል ደግሞ ፈቃድም ሊታረም የሚችል ፋይልም ያስፈልጋል። ባለቤቱ ሌሎች ሥራውን እንዴት እንዲጠቀሙበት እንደሚፈቅድ ከሚገልጽባቸው ከክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች መካከል የተለወጠውን ሥራ ማሰራጨት የሚከለክሉ አሉ፤ የፈቃዱን ምልክት ሳያዩ መጀመር ኋላ ያስቆጫል። ፈቃዱ ተገኝቶም ያለን ለማንበብ እንጂ ለማረም የማይመች ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ፣ አንዲት ምሳሌ ለመቀየር ገጹን እንደ አዲስ መተየብ ሊኖርብን ነው። እባካችሁ፣ የሚታረመውን ፋይል አብራችሁ አስቀምጡ።

ጽሑፉ የተማሪው ነው። ይውጣ አይውጣ፣ ስሙ ይጻፍ ይቅር የሚለውን እርሱ ይወስን፤ ልጅ ከሆነ ወላጆቹም ይጠየቁ። «አይውጣብኝ» ያለ ተማሪ ውጤቱ በዚህ ምክንያት አንዲት ነጥብ እንኳ ሊቀነስበት አይገባም።

የክፍልፋዩን ምዕራፍ እኔ ለተማሪዎቼ ሰጥቻለሁ። ሁለት ቦታ አርመውኛል። አንዱን ተቀብያለሁ፤ በሌላው ገና እየተከራከርን ነው።

አመሰግናለሁ።