ከመርፌው በፊት ደሙ ይታይ

ውድ የሱሉልታ ባለጋሪዎች፣ ገበሬዎችና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ለብዙዎቻችሁ እንጀራ ማለት ፈረሱ ነው። ሲታመም ትጨነቃላችሁ። የተገኘውን መድኃኒት ገዝታችሁ ታስወጋላችሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለዚያ መርፌ ልነግራችሁ ነው።

የፈረስ ደም ውስጥ የሚገቡ ጥገኛ ተሕዋስያን አንድ ዓይነት አይደሉም። ባቤሲያ ካባሊ እና ቴይሌሪያ ኢኪ የሚባሉት በመዥገር ይተላለፋሉ። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብተው ያፈርሱታል። ፈረሱ ያተኩሰዋል፣ ድዱ ይገረጣል ወይም ቢጫ ይሆናል፣ አንዳንዴ ሽንቱ ይቀላል። በአርሲና ባሌ ደጋ የሚታወቀው ዱሪን ደግሞ የገንዲ ዘመድ ነው። መዥገርም ዝንብም አያስፈልገውም፤ በስሪያ ይተላለፋል።

በመዥገር የሚመጣው በሽታ መድኃኒት ላብራቶሪ ውስጥ እንዲህ ይፈተናል። የፈረስ ቀይ የደም ሴል ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ይደረጋል። ጥገኛው ይጨመርበትና 37 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይቀመጣል። መድኃኒቱ በአንዱ ጉድጓድ ብዙ፣ በሚቀጥለው ግማሽ፣ ከዚያ የግማሽ ግማሽ እየሆነ ይገባል። በየቀኑ ጠብታ እየተወሰደ መስታወት ላይ ይቀባል፣ ጊምሳ በሚባል ቀለም ይቀለማል፣ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። የጥገኛውን ዕድገት በግማሽ የሚቀንሰው መጠን የሚታወቀው በዚህ ነው። ከዚያ መድኃኒቱ ይወገድና ጥገኛው እንደገና ይነሳ እንደሆነ ይጠበቃል። እኔ አብልጬ የማምነው ይህን ነው። ተደብቆ የተረፈው የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነውና።

ሳህኑ ግን ሆድ የለውም። ጥገኛውን ድራሹን ያጠፋ መጠን ፈረሱንም ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ በሽታ የሚወጋው ኢሚዶካርብ ሲበዛ ለሃጭ ያዝረከርካል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል። ባቤሲያ ካባሊን በደንብ ይመታል። ቴይሌሪያ ኢኪ ግን ትኩሳቱ ከወረደ በኋላም ደም ውስጥ ሊቀር ይችላል። ለዱሪን ደግሞ መድኃኒቱ ይህ አይደለም። በግምት መውጋት የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ፈረሱ እንዳተኮሰው ሳይወጋ አምጡልን። አንዴ ከተወጋ ጥገኛው ከደሙ ሊሰወር ይችላል፤ ምን እንደነበር ማወቅ ያቅተናል። ያልታመመ የሚመስል ፈረስም ቴይሌሪያ ኢኪን ለዓመታት ይዞ ሊኖር ይችላል። እሱን ማይክሮስኮፕ ሊስተው ስለሚችል የሴረም ምርመራ፣ ማለትም በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካልን የሚፈልግ ምርመራ፣ ያስፈልገዋል። የወረዳችን ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የምጠይቀው በየክሊኒኩ የሚሠራ ማይክሮስኮፕና የማይቋረጥ የጊምሳ ቀለም ነው።

አመሰግናለሁ።