አባቱ የውጭ ሰው ከሆነ ልጁ የማን ዜጋ ነው?

ከጎንደር የደወሉ ሦስት አድማጮች ስለ ዜግነት ያነሱት ጥያቄና የሕግ ባለሙያው መልስ።

ጥያቄ (ከአዘዞ የደወሉ እናት)፦ ልጄ ቤሩት ስትሠራ ከአንድ ሊባኖሳዊ ወለደች። ሰውየው «ልጄ አይደለም» ብሎ ቀረ። በሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፋንታ ለጊዜው በሚሰጥ የጉዞ ሰነድ) ሕፃኑን ይዛ ገባች። የልደት ምዝገባ ብንጠይቅ «አባቱ የውጭ ዜጋ ነው» ብለው መለሱን። የልጅ ልጄ አገር የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ አለው እንጂ እናቴ፤ ከተወለደ ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6፣ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በአንቀጽ 3 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ይበቃል ይላሉ። የእናት ከአባት አያንስም። የመለሷችሁ ሰው ከሊባኖስ ሕግ ጋር ሳያምታቱት አልቀሩም፤ ዜግነት በአባት የሚተላለፈው እዚያ ነው። እንግዲህ አባቱ ካልተቀበለው ሕፃኑ ያለው የእናቱ ዜግነት ብቻ ነው፤ ይህንንም ከከለከሉት ምን ይቀረዋል? ተመልሳችሁ ሂዱ፤ እምቢ ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ይመልከቱ። ዓረብ አገር የሄዱ ብዙ ልጆቻችን ስም ቀይረው ነው የወጡት። መታወቂያዋ ላይ ወርቄ፣ ፓስፖርቷ ላይ ራሕማ ከሆነች፣ የሕፃኑ የልደት ወረቀት የሚይዘው ራሕማን ነው። ያኔ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት ቀርቦ ማስወሰን ሊያስፈልግ ይችላል።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ ሚስቱም አሜሪካዊት ናት። ልጃቸው እዚያው ተወልዶ 17 ዓመት ሞላው። ሁለቱንም ዜግነት ይዞ ይቀጥላል?

መልስ፦ ልጁ ሲወለድ ወንድምህ ኢትዮጵያዊ ከነበረ፣ እስካሁን ሁለቱንም ይዟል። ከዚህ በኋላ ግን ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። በአዋጁ አንቀጽ 20 መሠረት፣ ውጭ በመወለዱ ወይም ከውጭ ዜጋ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ 18 በሞላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ፣ የእኛን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ማንም ደብዳቤ አይጽፍለትም። ዝም ብሎ 19 ከሞላው አለቀ። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚሰማው ልጁ 25 ከሆነ በኋላ ነው፤ ሕጉ ዝምታን እንደ ፈቃድ መቁጠሩ እኔን በግሌ ይከብደኛል።

አሜሪካዊነቱን ከመረጠ በር አይዘጋበትም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያወጣል፤ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። ድምፅ መስጠት፣ መመረጥ፣ በመከላከያና በውጭ ጉዳይ በቋሚነት መቀጠር ግን አይፈቀድለትም። ኋላ ሐሳቡን ከቀየረ፣ አገር ቤት መኖር ጀምሮ፣ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱ እንዲመለስለት ያመለክታል።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ እህቴ ገዳሪፍ ላይ ሱዳናዊ ልታገባ ነው። ዜግነቷን ታጣለች?

መልስ፦ በጋብቻ ብቻ አታጣም፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 33 አንብቡላት። የሱዳንን ዜግነት ራሷ ጠይቃ ከወሰደች ግን ሌላ ነገር ነው። የሚወለደው ልጅ ከአባቱ የሱዳንን፣ ከእናቱ የእኛን ይይዛል፤ ቅድም ለማራኪው ወንድሜ ያልኩት የ18 ዓመት ቀጠሮ ለእሱም ይመጣል።